መኪናው ሊብሬ አለው፤ ባትሪውስ?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ከስምንት ወር በፊት ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ብራንዱንም ሻጩንም አልጠራም። መኪናው ንጹሕ ነው። ጭረት የለበትም፣ ጎማውም ገና ነው። ደላላው ኮፈኑን ከፍቶ አሳየኝ። ነገር ግን ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የያዘው ዕቃ ከወለሉ ሥር ነው የተኛው። እሱን ማንም ከፍቶ አያይም። ሻጩ ባትሪው እንደ አዲስ ነው አለኝ። ማረጋገጫ ስጠይቀው ዳሽቦርዱን አበራልኝ። 100 ፐርሰንት ይላል። 100 ፐርሰንት ማለት ግን ሞልቷል ማለት እንጂ ስንት ይይዛል ማለት አይደለም። ጀሪካን ግማሹን ጠጠር ብትጨምሩበትም ውሃው አፉ ድረስ ይሞላል።

ባለፈው ወር ቤተሰብ ይዤ አዳማ ሄድኩ። ስሄድ ሰላም ነበር። ስመለስ ሞጆን እንዳለፍኩ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ይወርድ ጀመር። ቃሊቲ ስንደርስ 6 ፐርሰንት ነበር የቀረን። ኤሲ አጥፍተን፣ ልጆቹ በላብ ተጠምቀው ነው ቤት የገባነው።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ማንበብ ያዝኩ። አውሮፓ ውስጥ ለእያንዳንዱ ባትሪ ዲጂታል ፓስፖርት ሊሰጠው እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። የት እንደተሠራ፣ ማዕድኑ ከየት እንደመጣ፣ አሁን ምን ያህል እንደሚይዝ በስልክ ስካን አድርገህ ታያለህ። እኛ ጋ መኪና ያለ ሊብሬ አይሸጥም፤ ያለ ቦሎ አይነዳም። ባትሪው ግን አንዲት ወረቀት የለውም። በጥር 2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ መኪና እንዳይገባ የከለከልን እኛ ነን። ስለዚህ የባትሪ ሊብሬ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው እላለሁ። የምታውቁ አስረዱኝ። የምትቃወሙም ተቃወሙኝ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ መልሱ ጎረፈ። አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ ጀምሮ ለማንበብ ስለሚቸገር በየቁጥሩ የተባለውን በራሴ አነጋገር እነግራችኋለሁ።

መልስ 1። ታክሲ የሚሠራ ወንድም ነው። እንኳን በሰላም ገባችሁ ብሎ ጀመረ። እሱም ያገለገለ ነው የገዛው። ከገዛበት ቀን ጀምሮ ባለ 50 ቅጠል ደብተር መኪናው ውስጥ አስቀምጧል። በየእሑዱ ከሙሉ ቻርጅ እስከ 20 ፐርሰንት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ይጽፋል። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። የከነከነው ግን ሌላ ነገር ነው። ነገ መኪናውን ሲሸጥ ይህን ደብተር ማን ያምነዋል? የዚህ ሁሉ ውይይት ዋና ጥያቄ እዚሁ መጀመሪያው ላይ ነበር። ያኔ ግን አላስተዋልኩትም።

መልስ 2። ጀርመን የምትኖርና የመኪና ዕቃ የሚያመርት ድርጅት ውስጥ የምትሠራ እህት ጻፈች። ጊዜ ወስዳ ነው ያስረዳችው፤ ተባረኪ። የአውሮፓ ኅብረት የባትሪ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ቁጥሩ 2023/1542። የፓስፖርቱ ግዴታ የሚጀምረው ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ነው። በእኛ የካቲት 11 ቀን 2019 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ባትሪው ላይ ኪውአር ኮድ ይታተማል። የሚያነበው ግን ሁሉም ሰው እኩል አይደለም። አምራቹ፣ የተሠራበት ቦታ፣ የኬሚካሉ ዓይነት፣ ሲመረት ያስከተለው የካርቦን ልቀት ለሁሉም ክፍት ነው። የዚያ የአንዱ ባትሪ የግል ታሪክ፣ ማለትም ጤንነቱ፣ ስንት ጊዜ ቻርጅ እንደሆነ፣ አደጋ ደርሶበት እንደሆነ፣ ሕጋዊ ጉዳይ ላላቸው ሰዎች ብቻ ይከፈታል። የቁጥጥር መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የራሳቸው በር አላቸው።

መልስ 3። ይህኛው እኔን አረመ፣ ልክም ነበር። ለእያንዳንዱ ባትሪ ብዬ ነበር። አይደለም። ለኤሌክትሪክ መኪና፣ ለስኩተርና ለመሳሰሉት ቀላል ተሽከርካሪዎች፣ እንዲሁም ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ለሚይዙ የኢንዱስትሪ ባትሪዎች ነው። የስልክና የላፕቶፕ ባትሪ የለበትም። ከዚያ ቀን በፊት ገበያ ላይ የዋለ ባትሪም አይመለከተውም። ፓስፖርቱን የሚያዘጋጀውም መንግሥት ሳይሆን ባትሪውን ገበያ ላይ የሚያውለው ድርጅት ነው። ስለዚህ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የሚነዳው መኪና ሁሉ ከዚህ ውጭ ነው። ቅስሜን ሰበረው፤ ግን እውነት ነው።

መልስ 4። መኪና አስመጪ ነኝ የሚል ሰው ገባና ድምፁ ተቀየረ። እነዚህ ነገሮች የአውሮፓ ቅንጦት ናቸው አለ። ሰው ለመኪና ብር አጥቶ እየተንከራተተ በላዩ ላይ ሌላ ወረቀት መጫን ዋጋ መጨመር ነው። ወጪው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ገዢው ላይ ነው። እኔንም የሰው ሕግ አንብቦ የሚቀና አለኝ።

መልስ 5። የጀርመኗ እህት በትሕትና መለሰችለት። ቮልቮ ሕጉን ሳይጠብቅ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢኤክስ 90 የሚባለውን መኪና ከነባትሪ ፓስፖርቱ አውጥቷል። ኮዱ የሾፌሩ በር ውስጠኛ ጎን ላይ ነው። ወጪው ለአንድ መኪና 10 ዶላር ገደማ እንደሆነ ተነግሯል።

መልስ 6። አስመጪው አልተዋጠለትም። 10 ዶላር ለተለጣፊው ይሆናል እንጂ ከማዕድን ማውጫው ጀምሮ መረጃ ለሚሰበስብ ሠራተኛ አይበቃም አለ። እኔም እዚህ ላይ ግማሹን እቀበለዋለሁ። ለትልቅ አምራች ወጪው በሚሊዮን መኪና ላይ ይበተናል። ለትንሹ አይበተንም። ግማሹን የማልቀበለው ደግሞ ስለ ገዢው ያለውን ነው። ምን እንደምገዛ ሳላውቅ የምከፍለው ብርም ወጪ ነው።

መልስ 7። አንድ ሰው ነገሩን ወደ ኮንጎ ወሰደው። ባትሪ ውስጥ ከሚገባው ማዕድን ከኮባልት፣ የዓለም ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከዚያ ነው። ኮልዌዚ አካባቢ በእጁ የሚቆፍር ሰው አለ፣ ሕፃናትም አሉበት። በእጅ የተቆፈረው ትልልቅ ኩባንያዎች ካወጡት ጋር ይቀላቀልና ማን እንዳወጣው ይጠፋል። ፓስፖርት የተፈለገው አንዱ ለዚህ ነው፤ የእናንተ ኪሎ ሜትር ሁለተኛ ጉዳይ ነው ብሎ ቆጣ አለ። ቁጣው ገብቶኛል።

መልስ 8። ይህ ደግሞ 7ን አረመ። እኛ አገር ከሚገቡት የቻይና መኪኖች ብዙዎቹ ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ባትሪ ነው የያዙት። እሱ ኮባልትም ኒኬልም የለውም። ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም አለ። ሕጉ አምራቹ ምንጩን እንዲያጣራ የሚያዘው ለኮባልት ብቻ አይደለም፤ ለሊትየም፣ ለኒኬልና ለተፈጥሮ ግራፋይትም ነው። ይህ የማጣራት ግዴታ እ.ኤ.አ. በ2025 ሊጀምር ነበር፤ ወደ 2027 ተገፋ።

መልስ 9። መሐንዲስ ነኝ ያለ ሰው በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ምንም አላለሳለሰም። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ይበልጣል። ስትሄድ ቁልቁለት ነው፣ ስትመለስ ዳገት። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ብቻ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። 60 ኪሎዋት ሰዓት በሚይዝ ባትሪ ላይ ይህ ወደ 5 ፐርሰንት ነው። በፈጣን መንገዱ ላይ 110 እየነዳህ ከሆነ ደግሞ ነፋሱ ሌላውን ይበላል። ሳትለካ ባትሪውን አትክሰስ አለኝ። ቃሉ ጠንከር ያለ ነበር። ሒሳቡን ደግሜ ሠራሁት፤ ልክ ነው። ግን መለካት እንዳልቻልኩ ነው እኮ የጻፍኩት።

ከ10 እስከ 13 ያለው የመንገዱ ፍጥነት ስንት እንደሆነና የቱ መኪና እንደሚሻል ክርክር ነው። እሱን እለፉት።

መልስ 14። ከጅማ አካባቢ የመጣች እህት ጻፈች። ከርዕሱ ወጣሁ ይቅርታ ብላ ነው የጀመረችው። ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የገባኝ የእሷ ነው።

አባቷ ግማሽ ሄክታር የማትሞላ ቡና አላቸው። ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። አንድ ቀን ስልክ የያዘ ወጣት መጣ። ማሳው መሐል ቆሞ ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አደረገ። ቅጠሉ ሰማዩን ስለሸፈነው ሳተላይቱ ቶሎ አልያዘለትም። ግራ ቀኝ ተራመደ። ቅጠሉ ሳሳ ያለበት ቦታ አግኝቶ ጥቂት ደቂቃ ጠበቀ። ከዚያ ከነጥቡ በኋላ ስድስት አኃዝ ያላቸው ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች መዝግቦ ሄደ። አባቷ ተከትለውት ወጡና ለግብር ነው ወይ ብለው ጠየቁት። አይ፣ ለአውሮፓ ነው አላቸው። ሌላ ማብራሪያ አልሰጣቸውም።

ይህ የደን ምንጣሮን የሚከለክለው የአውሮፓ ሕግ ነው፤ 2023/1115። የባትሪው የአጎት ልጅ በሉት። ቡና፣ ካካዎ፣ የቀንድ ከብት፣ እንጨት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና የዘንባባ ዘይት ውስጥ ገብተዋል። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ በተመነጠረ ደን ላይ የበቀለ ቡና ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል አውሮፓ አይገባም። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው ይለካል። ከዚያ በታች የሆነው አንድ ነጥብ ይበቃዋል። የእሷ ሐዘን ግን በሕጉ ላይ አይደለም። ስለ አባቷ መሬት የተጻፈውን አባቷ አንብበውት አያውቁም። ሃምቡርግ ያለ ቡና ቆዪ ማሳውን በካርታ ያየዋል። እሳቸው የትኛው መዝገብ ላይ እንዳሉ እንኳ አያውቁም። ደግሞ ጥላ ሥር ያለ ቡና ከላይ ሲታይ ደን ይመስላል። ነገ አንድ ያረጀ ዋርካ ቢወድቅ ከላይ የሚያየው ሰው ምን ብሎ ይጽፋል? ማንንስ ይጠይቃል?

መልስ 15። አንዱ እዚህ የምናወራው ስለ መኪና ነው ብሎ ገሠጻት።

መልስ 16። ሌላው ደግሞ እሱን ገሠጸው፤ እኔም ከዚህኛው ጋር ነኝ። ነገሩ አንድ ነው። ዕቃው ላይ የሚጻፍ ታሪክ አለ። ጥያቄው ማን ጻፈው፣ ማንስ ያነበዋል ነው።

መልስ 17። ቡና ላይ ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ ጋሼ በእርጋታ ጻፉ። የምርት ገበያው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲቋቋም ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይሸጥ ነበር። ዋጋ ለገበሬው ግልጽ ሆነ፤ ክፍያውም በጊዜው ይደርስ ጀመር። ይህ ቀላል ነገር እንዳልነበር አስታውሱ አሉን። ግን የአንዱ ገበሬ ጆንያ ከሌላው ጋር ሲቀላቀል ስም ጠፋ። እ.ኤ.አ. ከ2017 በኋላ ደንቡ ሲላላ ስሙን ተከትሎ መሸጥ ተቻለ። ስለዚህ ምንጭን መከተል የፈረንጅ ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ እኛም አጥተነው ስንፈልገው የኖርነው ነገር ነው አሉ። አፍ የሚያስይዝ መልስ ነው። ከእሳቸው በኋላ ለጥቂት ሰዓት ማንም አልጻፈም።

መልስ 18። ቡና ላኪ ነው። እሱ ግን ተበሳጭቷል። የደኑ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ሊጀምር ነበር፤ ለአንድ ዓመት ተራዘመ። እንደገና ለትልልቆቹ ወደ 2026 መጨረሻ፣ ለትንንሾቹ ወደ 2027 አጋማሽ ተራዘመ። በጊዜው የተዘጋጀ ሰው ገንዘቡን አወጣ፣ ሰው ቀጠረ፣ ማሳ ለማሳ ዞረ። የተኛው አተረፈ። እናንተ ሕጉን ታደንቃላችሁ፣ ሒሳቡን የምንከፍለው እኛ ነን አለ።

መልስ 19። አስመጪው ተመልሶ መጣና ያልኳችሁ ይኼው አለ።

መልስ 20። ሶፍትዌር የሚሠራ ወጣት ሁላችንንም አቀዘቀዘን። ኪውአር ኮድ ተአምር አይሠራም። በር ነው፣ ሌላ አይደለም። ኪሎ ሜትር የሚመልሱ ሰዎች ባሉበት ከተማ የአንዱን ኮድ አንስቶ ሌላው ላይ መለጠፍ ማንንም አያቅትም። ብሎክቼይንም (አንዴ የተጻፈ የማይለወጥበት ዲጂታል መዝገብ) ቢሆን መጀመሪያ የገባውን ውሸት ሳይበላሽ ጠብቆ ያቆይልሃል እንጂ እውነት አያደርገውም። ዋናው ነገር ቁጥሩ ከራሱ ከባትሪው መውጣቱ ነው። ባትሪው ውስጥ የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር አለ፤ ሁሉንም ያውቃል። የአውሮፓው ሕግም ባትሪውን በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ያንን መረጃ እንዲያነብ መብት ይሰጠዋል፤ መጻፍ ግን አይችልም። ለእኔ ከፓስፖርቱ ይልቅ ይህ መብት ይበልጣል። ልመና አይደለም፤ የገዛሁት ዕቃ ነው።

መልስ 21። ቻይና የሚማር ወንድም ያልጠበቅነውን ይዞ መጣ። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የመኪና ባትሪ መከታተያ ሥርዓት አላት። እያንዳንዱ ባትሪ 24 ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ አለው፤ ዕድሜው ሲያልቅ የት እንደደረሰ ለማወቅ ነው። እናንተ ጋ ያሉት መኪኖችም ባትሪያቸው ላይ ኮዱ ይኖራል አለ። መኪናው ጂቡቲ ወደብ ሲደርስ ኮዱ አብሮ ይመጣል፤ መዝገቡ ግን እዚያው ይቀራል። እኛ የምናገኘው ተለጣፊውን ብቻ ነው።

መልስ 22። ሐዋሳ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ቀጣዩ እኛ ነን ወይ ብላ ጠየቀች። የጀርመኗ እህት አዎ አለቻት። በጁላይ 2024 ሥራ ላይ የዋለ፣ ለሌሎች ምርቶችም ዲጂታል ፓስፖርት የሚያመጣ የአውሮፓ ሕግ አለ፤ ልብስ ቀዳሚ ከተባሉት ምርቶች ውስጥ ነው፤ ዝርዝሩ ገና ይወጣል።

መልስ 23። አንዱ ይህ ሁሉ አዲስ ቅኝ ግዛት ነው ብሎ በጩኸት ጻፈ። 24፣ 25 እና 26 እሱን መስደብ ነው። አወያዩ 25ን አጥፍቶታል፣ ደግ አደረገ። ግን ሰውየው የተናገረው ሁሉ ባዶ አይደለም። ሕጉን ሲጽፉ የጅማው ገበሬ ጠረጴዛው ላይ አልነበሩም። መስደቡን ትታችሁ ለዚያ ብትመልሱለት ደስ ባለኝ ነበር።

መልስ 27። ቄራ ጋራዥ ያለው አንድ መካኒክ ነው። ሦስት መስመር ብቻ ነው የጻፈው። ዝም ብላችሁ ከምትጨቃጨቁ ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን ከ20 ፐርሰንት በታች አውርደህ አምጣው፣ አየዋለሁ፣ ገንዘብ አልፈልግም አለ።

መልስ 28 የእኔ ነው። ሄድኩ።

ጋራዡ ጠባብ ነው፣ ሦስት መኪና አይችልም። መካኒኩ ከመሪው ሥር ያለችውን መሰኪያ በእጁ ዳብሶ አገኘና የአውራ ጣት ያህል ዕቃ ሰካባት። ስልኩ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች ተደረደሩ። ባትሪው ከብዙ ትንንሽ ሴሎች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዷ ሳጥን አንድ ሴል ናት፣ ቁጥሩም ቮልቷ ነው። 3.24፣ 3.25፣ 3.24። ጣቱን እያንሸራተተ ወረደ። 61ኛው ላይ ቆመ። 3.08። ቀይ ሆናለች። ሌሎቹ ገና ጉልበት እያላቸው እሷ ቀድማ ታልቃለች፤ መኪናውም ለእሷ ሲል ሁሉንም ያቆማል። በባትሪው ጤንነት በኩል 81 ፐርሰንት ይላል። ስለዚህ መሐንዲሱም ልክ ነበር፣ እኔም ልክ ነበርኩ። ዳገቱም አለ፣ ሴሏም አለች።

መካኒኩ ወዲያው ይቀየር አላለኝም። ለሦስት ሌሊት በቤት ቻርጀር ቀስ ብሎ እስከ 100 እንዲሞላ አድርግ፣ ሴሎቹ ይመጣጠኑ እንደሆነ እንይ፣ ካልሆነ ያንን ክፍል ብቻ እንከፍታለን አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ስክሪኑን ፎቶ አነሳሁ። ከገዛሁት ስምንት ወር ሆኖኛል፤ ስለ መኪናዬ እርግጠኛውን ነገር ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

መልስ 29። የታክሲው ወንድም። እሱም በማግሥቱ እሑድ ሄዶ አስለክቷል። ደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ 310 ኪሎ ሜትር ይላል፣ መጨረሻው ላይ 265። በእሱ ስሌት ከመቶ 85 ቀርቷል ማለት ነው። የመካኒኩ ስልክ 86 አለ። ደብተሩን መኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቶ መካኒኩን እዚህ ላይ ፈርምልኝ አለው። መካኒኩ ቀኑን ጻፈ፣ ቁጥሩን ጻፈ፣ ፈረመ። ከዚያ የመኪናውን በር ከፍቶ ጎንበስ አለና የሻንሲ ቁጥሩን አይቶ ከፊርማው ሥር ጨመረበት።